ቄጠማውን ወደን ረግረጉን ጠላን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጋዜጣችሁን ከዳር እስከ ዳር ነው የማነበው፤ የጨረታ ማስታወቂያው ሳይቀር። ሥራ ፈት በሉኝ፣ ግድ የለም። ባለፈው ሳምንት ዕትማችሁ ላይ ከታች ጥግ የተወሸቀች አጭር ዜና ነበረች፤ ምናልባት እናንተም ረስታችኋት ይሆናል። አንድ የከተማ አስተዳደር "ለዓመታት ያለ ጥቅም የተቀመጠ ረግረጋማ ባዶ መሬት" ደልድሎ ለልማት አዘጋጀ ትላለች። ፎቶም አላት። ገልባጭ መኪና ገረጋንቲ ሲደፋ ይታያል። ከጎማው አጠገብ ደግሞ ወገብ የሚደርስ ለምለም ቄጠማ ቆሟል። ባዶ የተባለው መሬት ላይ ማለቴ ነው።

አስተዳደሩን ልወቅስ አይደለም ብዕር ያነሳሁት። ዘጋቢያችሁንም አይደለም፤ ልጁ የተነገረውን ነው የጻፈው። ያንን ቃል ማን እንዳመጣው ደግሞ እኔ አውቃለሁ። እኔና መሰሎቼ ነን። ከ30 ዓመት በላይ ቀያሽ ነበርኩ። ጭቃው ቦቲዬን እየዋጠብኝ ስንት ረግረግ ለክቻለሁ። ከለካን በኋላ የምንሞላው ቅጽ አለ፤ ቅጹ ላይ "የመሬቱ አገልግሎት" የሚል ዓምድ አለ። እርሻ ከሆነ እርሻ ትላለህ፣ ግጦሽ ከሆነ ግጦሽ። ረግረግ ሲሆን "ጥቅም ላይ ያልዋለ" ብለህ ታልፋለህ። እንዲያ ነው ያገኘነው፣ አለቃም እሱን ነው የሚፈልገው። ከዚያ ያቺ ቃል ከቅጹ ወደ ካርታው፣ ከካርታው ወደ ፕላኑ፣ ከፕላኑ ወደ ጨረታው እያለች ትሄድና በመጨረሻ እናንተ ጋዜጣ ላይ ትወጣለች። መነሻዋ ላይ የእኔ ፊርማ አለበት።

አንዱን ላጫውታችሁ። ከተማውን አልጠራም፤ ሰዎቹም አሉ፣ እኔም አለሁ። በ1990ዎቹ ነው። ከአስፋልቱ በታች ሰፊ የቄጠማ ሜዳ ነበር። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ በጋ ከብት ይገባበታል፣ የበዓል ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ሴቶች ማጭድ ይዘው ይወርዱበታል። እኛ ልንለካ የሄድን ቀን አንዲት እናት እስሯን ጀርባዋ ላይ እንደተሸከመች ቆማ ስታየን ቆየችና "ልጄ፣ ውኃውንስ ወዴት ልታደርጉት ነው?" አለችኝ። "ቱቦ ይቀበርለታል እናቴ" አልኳት። ረዳቶቼ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ቱቦውም ተቀበረ፣ ገረጋንቲውም ተደፋ፣ ቤቱም ተሠራ።

ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ልደርስ ወደዚያ ሰፈር ሄድኩ። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቦ ቀለሙ ተልጧል። በየበሩ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ክረምት እየረገጡ ለመግባት ነው። የሟች ወንድም ቱቦውን የቀበረውን ሰው ሲራገም አመሸ፤ እኔ ሻዬን ይዤ አቀርቅሬ ሰማሁ። ስወጣ ኮብልስቶኑን አየሁት። በድንጋዩና በድንጋዩ መሐል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። ጎንበስ ብዬ አንዷን ነቀልኩ። ሦስት ማዕዘን ዘንግ። ቄጠማ ነች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጉልበቴ ቄጠማ ሆነ የሚባለው እዚያ ላይ ነው የገባኝ።

ሦስት ማዕዘን ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ብዙ ሰው ቄጠማን ሳር ይለዋል፣ እናንተም ዜናው ላይ "ሳር" ብላችኋል። በመልክ ይቀራረባሉ እንጂ ወገናቸው ሌላ ነው። ለሚቀጥለው በዓል አንድ እስር ስትገዙ ዘንጓን በሁለት ጣታችሁ መሐል አንከባሏት። እሺ አትልም፤ ጠርዝ አላት። የሳር አገዳ ድቡልቡል ነው፣ አንጓ አለው፣ በአንጓና በአንጓ መሐልም ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ቄጠማ ከሥር እስከ አናት ወጥ ነው፤ አናቱ ላይ ቅጠሎቹ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋሉ፣ አበባው ከመሐላቸው ይወጣል። የዕፅዋት ሰዎች ይህን ወገን ሳይፐረስ ይሉታል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች አሉት። ሁሉም ጨዋ አይደሉም ታዲያ፤ እርሻ ገብቶ፣ ሲነቅሉት ሥሩ ላይ ያለችውን እንክብል አፈር ውስጥ ትቶ መልሶ እየበቀለ ገበሬውን የሚያስመርር አረምም ከዚሁ ዘር ነው። የዚህ ዘር ትልቁ ወንድም ደግሞ ደንገል ነው። ጥንት ግብጾች ወረቀት የሠሩበት፣ 4 እና 5 ሜትር የሚቆመው።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ስለ ደንገል ስናገር ትንሽ ብበዛ ይቅርታ አድርጉልኝ። ልጅ ሆኜ ጠዋት ጣና ዳር ስንወርድ ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነ ታንኳ ይመጣ ነበር። ከሩቅ ስታየው እንጨቱ ብቻ ውኃ ላይ የሚሄድ ይመስልሃል። ያንን ታንኳ ከደንገል አስሮ መሥራት የጣና ዳር ነዋሪዎቹ ነገደ ወይጦ ከአያት ከቅድመ አያት ይዘውት የመጡት ጥበብ ነው። ምስማር የለ፣ ሳንቃ የለ። ለምን እንደሚንሳፈፍ ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። የደንገል ዘንግ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ አየር የሞላበት። ሥሩ የቆመበት ጭቃ አየር ስለሌለው ተክሉ ከላይ የሳበውን አየር በዚያ ስፖንጅ በኩል ወደ ታች ያወርዳል። ለራሱ መተንፈሻ ያበጀውን ሰው መጓጓዣ አደረገው ማለት ነው። ታንኳ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ከወራት በኋላ ሌላ መታሰር አለበት። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ ሁልጊዜ በቅርቡ የቆመ ደንገል ያስፈልገዋል። ሙዚየም ውስጥ አንድ ታንኳ ሰቅለን ቅርስ ጠበቅን ብንል ለእሱ ምኑም አይደለም።

የቆመው ደንገልስ? በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራና የሐይቁ ከፍታ ከዚያ ወዲህ በሰው እጅ ገባ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ በጣም ሸሸ። ጀልባዎች ተቸገሩ፣ ዳር ዳሩ መሬት ወጣ፣ ገበሬው በወጣው መሬት ላይ ዘራ። ማን ይፈርድበታል? የደረቀውን ደንገል ደግሞ መንጥሮ ማቃጠል ቀላል ነው። ውኃው ሲመለስ ደንገሉ በነበረበት ብዙ ቦታ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ታየ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ እናንተው ስትዘግቡ ኖራችኋል። ሕዝቡ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል።

ደንገሉ ቢኖር እምቦጭ አይመጣም ነበር አልልም፤ ያን ያህል አላበዛውም። ግን እምቦጩ የበረታው በየትኛው በኩል ነው? በሰሜን ምሥራቁ፣ የጉማራ፣ የርብና የመገጭ ወንዞች ደለላቸውን ይዘው በሚገቡበት። እምቦጭ የሚፋፋው ከእርሻ ታጥቦ በሚወርደው ማዳበሪያና ከከተማ በሚወጣው ቆሻሻ ነው። የደንገልና የቄጠማ ረግረግ ደግሞ ሥራው ይሄንኑ ማስቀረት ነው። ውኃው ዘንጎቹ መሐል ሲገባ ይረጋል፣ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ናይትሮጅኑንና ፎስፎረሱን ሥሩ ይበላዋል። የዓለም መሐንዲሶች የከተማ ፍሳሽ ለማጣራት ብለው ሰው ሠራሽ ረግረግ ሠርተው ደንገል ይተክሉበታል፤ እኛ ተፈጥሮ የተከለውን ነው በገረጋንቲ የምንቀብረው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተጠባብቀው የሚኖሩበት ሥፍራ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ጥሩ ነው፤ ወረቀቱን ግን ደለል አያነበውም።

ስለ ዓሣውም አንድ ቃል። አምባዛ ክረምት ሲገባ ጥልቁን ውኃ ትቶ ውኃ የተኛበት ሣርና ቄጠማ ውስጥ ነው ሄዶ እንቁላሉን የሚጥለው። ረግረጉን አድርቆ የዓሣ ምርት ቀነሰ ብሎ ስብሰባ መጥራት... ስብሰባው ላይም ነበርኩ፣ እሱን ሌላ ቀን።

ጣና ብቻ አይደለም። በሥራ ምክንያት ኢሉባቦር ከርሜ ነበር። እዚያ በየሸለቆው ሥር ረግረግ አለ፤ ሕዝቡ ጨፌ ይለዋል። ከዚያ የሚታጨደው ቄጠማ ቤት ይከደንበታል፣ ለበዓል ይጎዘጎዛል። ሸንጎ የሚቀመጠው ጨፌው ላይ ስለነበር ሸንጎውም ጨፌ ተባለ። ዛሬ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሕዝብ የሕግ ማውጫውን በረግረግ ስም ሲጠራ እኛ ቀያሾቹ ያንኑ "ጥቅም ላይ ያልዋለ" ብለን እንመዘግባለን። የኢሉባቦር ገበሬ በቆሎ አይዘራበትም አላልኩም፤ ቦይ ቆፍሮ ይዘራል፣ የክረምት ረሃብ የሚያልፈው በዚያ በቆሎ የሆነ ቤተሰብ ብዙ ነው። ነገር ግን ብልሁ ገበሬ የረግረጉን አናት፣ ምንጩ ያለበትን፣ አይነካም። ቄጠማው እንደቆመ ይተወዋል። አዝመራው ሲነሳ ደግሞ ቦዩን ደፍኖ ውኃው እንዲመለስ ያደርጋል። ይሄን ያስተማረው መሐንዲስ የለም። እኔ እንዲያውም ከእሱ ነው የተማርኩት፣ ያውም ዘግይቼ።

እንግዲህ ከተማ ይስፋ፣ ሰው የት ይኑር የሚለኝ አለ። ትክክል ነው፣ ሰው ቤት ይፈልጋል። እኔ የምለው ውኃ ውስጥ አትሥሩለት ነው። ሌላው ደግሞ ረግረግ የወባ መፈልፈያ ነው ይላል፤ ይሄን እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አምኜው ኖሬያለሁ። ኋላ ያነበብኩት ግን ገረመኝ። ኡጋንዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ያልተነካ የደንገል ረግረግና ተመንጥሮ የታረሰ ረግረግ አጠገብ ያሉ መንደሮችን አወዳደሩ። የወባ ትንኝ የበዛው በታረሰው በኩል ነው። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ውኃውን ያጠላዋል፣ የወባ ትንኝ ግን ፀሐይ የሚያገኘው ኩሬ ትወዳለች። ሁሉም ቦታ እንዲያ ነው ብዬ አልከራከርም። ብቻ "ለጤና" እየተባለ የሚደፋው ገረጋንቲ ሁሉ ለጤና አለመሆኑን ነው።

አሁን ወደ በዓላችን ልመለስ። እኛ ኢትዮጵያውያን ያለ ቄጠማ በዓል እናውቃለን? ቅዳም ስዑርን ለምለም ቅዳሜ የምንለው በቄጠማው ነው። ካህናቱ "ገብረ ሰላመ በመስቀሉ" እያሉ ያድሉናል፣ እኛ ራሳችን ላይ እናስራለን፤ የኖኅ ርግብ የውኃውን መጉደል ያበሠረችበት ለምለም ነው ይባላል። ዒድ ሲሆንም ይጎዘጎዛል፣ ሠርግ ሲሆንም፣ ቡና ሲፈላም። ቤቱ የሚሸተው እሱ ነው፤ እርጥብ ቄጠማ፣ የሚቆላ ቡና፣ ዕጣን። የልጅነት ሽታ አምጡ ብባል ይሄን ነው የማመጣው። አሁን ግን የሰፈራችን ቡና ጠጪ ቤቶች ሁሉ የፕላስቲክ ሣር አንጥፈዋል። አይደርቅም፣ አይጠረግም፣ አይሸትም። ባለቤቴ "አንተ ደግሞ በሁሉ ነገር ትነጫነጫለህ" ትለኛለች። እነጫነጫለሁ! ፕላስቲክ ላይ የተፈላ ቡና ጀበናው ራሱ የሚያፍር ይመስለኛል።

ባለፈው ለምለም ቅዳሜ ዋዜማ በራችን ላይ ቄጠማ ከምትሸጠው ሴት ጋር ወሬ ያዝኩ። "እህቴ፣ ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?" አልኳት። "ድሮማ ጋሼ፣ እዚሁ ከታች ወንዙ ዳር ነበር የማጭደው። አሁን እዚያ ሕንፃ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ከመኪና ላይ ነው የምቀበለው" አለችኝ። መኪናውስ ከየት ነው የሚያመጣው ስላት ሳቀች። "እሱን ሾፌሩን ጠይቁት፤ ግን እየራቀ ነው መሰለኝ፣ ደርቆ ነው የሚደርሰን።" እስሯን አየሁት፤ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። በበረታ ዋጋ ገዛኋት፣ ልጆቼ "አባባ፣ ደርቋል እኮ" አሉኝ።

የሚገርመው፣ ማጨዱ አይደለም ቄጠማን የሚያጠፋው። የተቆረጠው ከላይ ነው፤ ሥሩ ጭቃው ውስጥ ተጋድሞ ዝናብ ሲመጣ መልሶ ያወጣል። ያቺ ሴት 20 ዓመት ብታጭድ ሜዳው ያው ሜዳ ነው። ውኃው ከሄደ ግን አንድ በጋ ይበቃዋል። በመጽሐፈ ኢዮብ ደንገል ያለ ረግረግ፣ ቄጠማ ያለ ውኃ ይበቅላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ። ከሺህ ዓመታት በፊት መልሱ ግልጽ ስለነበረ ነው እንደ ምሳሌ የተጠቀመበት። ለዘመናት ደንገልን ወረቀት ስታደርግ የኖረችው ግብጽ እንኳ ከዓባይ ዳር ደንገሏን ልታጣው ምንም አልቀራትም ነበር።

ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ነው። "ባዶ መሬት" የምትለዋን ቃል ስታገኙ አንዴ ቆም በሉ። ኃላፊው እንዲያ ካለ ይበል፣ ግን ዘጋቢው "እዚያ ላይ ምን ይበቅል ነበር? ማን ያጭድ ነበር? ውኃውስ ወዴት ሊሄድ ነው?" ብሎ ይጠይቅልን። የመጨረሻዋ ጥያቄ የእኔ አይደለችም፣ ከእዚያች እናት የተበደርኳት ነች። እኔ ሳልመልስላት ቀርቻለሁ።

ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣት ቀያሾች ይህን ካነበባችሁ ደግሞ፣ ያ ዓምድ ዛሬም ቅጹ ላይ ካለ፣ ቄጠማ ስታዩ "ቄጠማ" ብላችሁ ሙሉት። አለቃ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

ፎቶውን ላነሳው ልጅም አንድ አደራ አለኝ። ጥሩ ፎቶ ነው፣ ቄጠማውን ከጎማው ጋር ማስገባቱ ዓይን እንዳለው ያሳያል። ሁለትና ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ ያንኑ ቦታ ሄዶ መልሶ ያንሳልን። ነሐሴ ላይ ቢሆን ይሻላል፣ ቦቲ አድርጎ። እኔ እንደሆነ ጋዜጣችሁን አላቋርጥም፤ ጥጓን እያየሁ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ ቀያሽ
አዲስ አበባ